«ኮርቻ የሚነካው ቦታ ደንዝዞሻል?»፦ በእንግሊዝ ለወገብ ነርቭ ሕክምና ስህተት ካሣ የሚጠየቅበት መንገድ

ሌሊት ነው። ለንደን፣ አንድ ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል። ጎረቤቴ ወገቧን ይዛ ተቀምጣለች፤ የ13 ዓመት ልጇ ያስተረጉምላታል። ሐኪሟ «በእግሮችሽ መካከል፣ ኮርቻ በሚነካው ቦታ፣ መደንዘዝ አለ?» ብላ ጠየቀች። ልጁ አንገቱን ደፋ። ለገዛ እናቱ በምን አፉ ይበለው? «እማዬ፣ እግርሽ ደንዝዟል ወይ ትላለች» አላት። «ቀኙ፣ ትንሽ» አለች። ልጁም ያንኑ አስተላለፈ። ወረቀቱ ላይ የሰፈረው እንዲህ ይላል፦ የኮርቻ ቦታ መደንዘዝ፣ የለም።

ማስታገሻ ሰጥተው ወደ ቤት ሸኟት። በማግስቱ ሽንቷ አልመጣ አለ። በሦስተኛው ቀን ማታ ቀዶ ጥገና ተደረገላት። ዛሬ የምትሸናው በካቴተር፣ ማለትም ሽንት በሚያወጣ ቀጭን ቱቦ፣ ነው።

ጠበቃ አይደለሁም። ወረቀቶቿን እንዳነብላት ስትጠራኝ ነው ነገሩ ውስጥ የገባሁት። ከዚያ ወዲህ ሁለት ሌሎች ሰዎችም በዚሁ መንገድ ሲሄዱ አብሬ ተመላልሻለሁ። የምጽፈው በእንግሊዝና በዌልስ ስላለው አካሄድ ነው። ስኮትላንድና ሰሜን አየርላንድ የራሳቸው ሕግ አላቸው። ዓመተ ምሕረቱና ወሩ ሁሉ በፈረንጅ ነው። አዲስ አበባ ወይም ቱርክ ሄዳችሁ የተሠራችሁት ቀዶ ጥገናም በዚህ መንገድ አይጠየቅም።

መጀመሪያ፣ በሽታው ምንድን ነው?

ህብለ ሰረሰር እስከ ታች አይደርስም። ወገብ ላይ፣ አንደኛውና ሁለተኛው የወገብ አጥንት አካባቢ ያልቃል። ከዚያ በታች ነርቮቹ ተበትነው እንደ ፈረስ ጭራ ይወርዳሉ። ስሙም ከዚያ የመጣ ነው፤ ኮዳ ኢኳይና በላቲን «የፈረስ ጭራ» ማለት ነው። እግርን፣ ሽንትን፣ ሰገራን፣ የወሲብ ስሜትን የሚያዙት እነዚህ ነርቮች ናቸው። ብዙ ጊዜ የሚጎዱት የታችኛው ወገብ ዲስክ ሾልኮ ወጥቶ ሲጫናቸው ነው። ዕጢ፣ መግል ወይም የተቋጠረ ደምም ሊጫናቸው ይችላል።

ምልክቶቹ እነዚህ ናቸው። ከወገብ ተነስቶ ሁለቱንም እግር የሚወርድ ህመም። የእግር መዛል። በብልት፣ በፊንጢጣና በመቀመጫ ዙሪያ መደንዘዝ፤ ስትጠራረጉ ወረቀቱ አይሰማችሁም። ሽንት አልመጣ ማለት፣ ወይም ሳይታወቅ መፍሰስ። ሰገራ አለመቆጣጠር። በግንኙነት ጊዜ ስሜት ማጣት።

አሁን ይህ ስሜት ኖሯችሁ የምታነቡ ከሆነ ጽሑፉን እዚህ ተዉት። ወደ ድንገተኛ ክፍል ሂዱ። ካሣው ይደርሳል፣ ነርቩ ግን አይጠብቅም። አስተርጓሚ ጠይቁ፤ በኤንኤችኤስ (የመንግሥት የጤና አገልግሎቱ) ነጻ ነው፣ በስልክም ይገኛል። የኤንኤችኤስ መመሪያ አስቸኳይ ካልሆነ በስተቀር ከ16 ዓመት በታች ያለ ልጅ እንዲያስተረጉም አይፈቅድም። ደግሞም ቃሉን እንዳለ ተናገሩት። «ታች አካባቢ ትንሽ ደስ አይለኝም» ያለ ሰው ፓራሲታሞል ይዞ ይወጣል። «ብልቴና መቀመጫዬ ደንዝዟል፣ ሽንቴም አልመጣ አለኝ» ያለ ሰው ኤምአርአይ ውስጥ ይገባል። ነውራችንን እኔም አውቀዋለሁ። ግን ያልተነገረ ነገር ወረቀት ላይ አይሰፍርም፣ ወረቀት ላይ ያልሰፈረ ነገር ደግሞ በኋላ ለማስረዳት መከራ ነው።

አንደኛ፦ ሰዓቱን ጻፉ

በዚህ ዓይነት ጉዳይ ክርክሩ ሁሉ የሚዞረው ሰዓት ላይ ነው። መደንዘዙ መቼ ጀመረ? ለማን ተነገረ? ሽንት ለመጨረሻ ጊዜ በደንብ የወጣው መቼ ነው? ስለዚህ ከሆስፒታል በወጣችሁ ሳምንት፣ ትዝታው ሳይደበዝዝ፣ ደብተር ግዙና ከመጀመሪያው ህመም ጀምሮ ቀን በቀን፣ ከተቻለም ሰዓት በሰዓት ጻፉ። በአማርኛ ጻፉት። ማን አብሯችሁ ነበር? ማን መኪና ነዳ? ነርሷ ምን አለች? «ውሃ ጠጪና ይመጣል» ብላ ከነበረ ያንኑ ጻፉ።

እዚህ ላይ የእኛ ሰው ብቻ የሚወድቅበት ጉድጓድ አለ። እኛ «ማታ ሁለት ሰዓት» ስንል ፈረንጁ ስምንት ሰዓት የሚለውን ነው። «ከሌሊቱ ስምንት» ስንል እሱ ሁለት ይላል። ጎረቤቴ መጀመሪያ ለጠበቃዋ ቢሮ በስልክ ስትናገር «ሁለት ሰዓት ላይ ደነዘዘኝ» አለች፤ አስተርጓሚው እንዳለ ሁለት ብሎ አለፈው። ስድስት ሰዓት ልዩነት ማለት ነው። አንድ ሰው በጊዜ ቀዶ ጥገና ቢደርስ ኖሮ ይድን ነበር ወይስ አይድንም በሚባልበት ጉዳይ ስድስት ሰዓት ቀልድ አይደለም። ስለዚህ ከእያንዳንዱ ሰዓት ጎን «በፈረንጅ» ወይም «በሐበሻ» ብላችሁ ጻፉ። ቀኑንም እንዲሁ። «መስከረም 5» የትኛው መስከረም ነው?

ስልካችሁን አትለውጡ፣ አታጥፉ። ለጂፒ (ለሰፈር ሐኪማችሁ) የደወላችሁበት ዝርዝር፣ ለእህታችሁ «ሽንቴ እምቢ አለኝ» ብላችሁ የላካችሁት የዋትስአፕ ድምፅ፣ ሁሉም ማስረጃ ነው። የድምፅ መልእክት ቀኑንና ሰዓቱን ይዞ ይቀመጣል። ከዚያ የተሻለ ምስክር የለም።

ወጌሻ ዘንድ ሄዳችሁ ከነበረ፣ ጠበል ሄዳችሁ ሁለት ቀን አድራችሁ ከነበረ፣ እሱንም ጻፉት። ሆስፒታሉ «ዘግይታ የመጣችው ራሷ ናት» ሊል ይችላል። ጠበቃችሁ ይህን ከእናንተ ቀድሞ መስማት አለበት። የተደበቀ ነገር ሲወጣ ከራሱ ከነገሩ ይልቅ መደበቁ ይጎዳል።

ሁለተኛ፦ ወረቀታችሁን አውጡ

የሕክምና መዝገባችሁ ቅጂ መብታችሁ ነው። በመረጃ ጥበቃ ሕግ መሠረት ስትጠይቁ በአንድ ወር ውስጥ መስጠት አለባቸው፤ ውስብስብ ከሆነ ሁለት ወር ሊጨምሩ ይችላሉ። ክፍያ የለውም። ምክንያት መናገርም አይጠበቅባችሁም። ለሆስፒታሉ የመዝገብ ክፍል፣ ለጂፒያችሁ፣ ለጤና ምክር 111 ወይም ለአምቡላንስ 999 ደውላችሁ ከነበረ ደግሞ ለእነሱም ለየብቻ ጻፉ። የስልክ ጥሪዎቹ ይቀረጻሉ፤ የተጻፈውን ብቻ ሳይሆን ድምፁን ጠይቁ። የኤምአርአይ ምስሉንም ከነሪፖርቱ።

የሞተ ዘመድ ከሆነ የሚጠየቀው በሌላ ሕግ ነው፤ የ1990 የሕክምና መዝገብ ሕግ ይባላል። የሚሰጠውም ለንብረቱ ኃላፊ ወይም በሞቱ የተነሳ ካሣ ሊጠይቅ ለሚችል ሰው ነው።

ሲመጣላችሁ ብዙ መቶ ገጽ ሊሆን ይችላል። አትደንግጡ። እነዚህን ፈልጉ። የመጀመሪያዋ የጤና ባለሙያ የመዘገበችበት ሰዓት። ስለ ኮርቻ ቦታ መደንዘዝ ተጠይቋል? መልሱስ ምን ተብሎ ተጻፈ? አስተርጓሚ ነበር ይላል? ወይስ «ልጅ ያስተረጉማል» ይላል? የፊንጢጣ አካባቢ ስሜት ተመርምሯል? ከሸናችሁ በኋላ በፊኛ ውስጥ የቀረው ሽንት በአልትራሳውንድ ተለክቷል? ከ200 ሚሊ ሊትር በላይ ከቀረ ሐኪሞች ይጠረጥራሉ። ኤምአርአይ መቼ ታዘዘ? መቼ ተነሣ? መቼ ተነበበ? ወደ ቀዶ ጥገና ክፍል የገባችሁት ስንት ሰዓት ነው?

ከ2023 የካቲት ወዲህ በእንግሊዝ የወጣ ብሔራዊ የአሠራር መመሪያ አለ። ኮዳ ኢኳይና ከተጠረጠረ ኤምአርአዩ በተቻለ ፍጥነት፣ ቢበዛ ከታዘዘ በአራት ሰዓት ውስጥ መነሣት አለበት ይላል፤ ሌሊትም ሆነ ቅዳሜና እሑድ። ከዚያ በፊት፣ በ2021፣ የኤንኤችኤስ የደህንነት መርማሪ አካል ራሱ በዚህ በሽታ መዘግየት ላይ ብሔራዊ ሪፖርት አውጥቶ ነበር። ይህ ማለት ማሽኑ «ጠዋት ይከፈታል» የሚል መልስ ዛሬ ላይ ጥያቄ ያስነሣል። ብቻውን ግን ክስ አያሸንፍም። ለምን እንደሆነ ቀጥሎ እነግራችኋለሁ።

ሦስተኛ፦ ሁለቱን በሮች እወቁ

ብዙ ሰው ጎድተውኛል፣ ስለዚህ ይከፍሉኛል ብሎ ያስባል። ሕጉ እንዲያ አይሠራም። ሁለት በሮች አሉ፤ ሁለቱም መከፈት አለባቸው።

የመጀመሪያው በር ጥፋት ነው። መለኪያው ከ1957ቱ የቦላም ጉዳይ የመጣ ነው፦ ሐኪሙ ያደረገውን በዚያ ሙያ ያሉ ብቁ ሐኪሞች ተገቢ ነው ይሉ ነበር? እንደሚሉ ከታየ ጥፋት የለም፤ ሌሎች ሐኪሞች ባይስማሙም። በ1997 በቦሊቶ ጉዳይ ደግሞ አንድ ነገር ተጨመረ፦ ያ አስተያየት በአእምሮ የሚዋጥ መሆን አለበት፣ ፍርድ ቤት ይመዝነዋል። ጥፋት የሚገኘው በሐኪም ብቻም አይደለም። በ2018 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ አንድ የድንገተኛ ክፍል እንግዳ ተቀባይ አራት አምስት ሰዓት ትጠብቃለህ ብላ የሰጠችው የተሳሳተ መረጃ ሆስፒታሉን ተጠያቂ ያደርጋል ብሏል። ጭንቅላቱ ላይ ተመትቶ የመጣው ሰውዬ ይህን ሰምቶ ከ19 ደቂቃ በኋላ ወጥቶ ሄዶ ነበር።

ስለ ቋንቋም አንድ ፍርድ አለ። በዚያው በ2018 ከፍተኛው ፍርድ ቤት ታሚል የምትናገር፣ እንግሊዝኛ የማታውቅ እናት በምትረዳው መንገድ ስላልተነገራት በልጇ ላይ ለደረሰው የአንጎል ጉዳት ሆስፒታሉን ተጠያቂ አደረገ። የወገብ ጉዳይ አይደለም፤ ግን «በቋንቋችን አልተጠየቅንም» የሚለው ነገር ከንቱ ስሞታ እንዳልሆነ ያሳያል።

ቀዶ ጥገናው በጥንቃቄ ተሠርቶም ጥያቄ ሊነሣ ይችላል። የዚህ ምሳሌ የኮዳ ኢኳይና ጉዳይ ራሱ ነው፤ ቼስተር በአፍሻር ላይ ያቀረበችው፣ በ2004 ያኔ የበላይ ፍርድ ቤት በነበረው በጌቶች ምክር ቤት የተወሰነው። የወገብ ቀዶ ጥገናዋ በትክክል ነበር የተሠራው። ነገር ግን ከአንድ እስከ ሁለት በመቶ የሚሆነው የነርቭ ጉዳት አደጋ አስቀድሞ አልተነገራትም ነበር። ሦስት ለሁለት በሆነ ድምፅ አሸነፈች። ከ2015ቱ የሞንትጎመሪ ፍርድ ወዲህ ደግሞ ሐኪም ለታካሚው የሚያሳስበውን አደጋና ሌሎቹን አማራጮች መናገር ግዴታው ነው። ስለዚህ ከቀዶ ጥገና በፊት የፈረማችሁበትን ወረቀት ፈልጉ። በየትኛው ቋንቋ ተብራራላችሁ?

ሁለተኛው በር ይከብዳል። ብዙ ጉዳይ የሚወድቀውም እዚህ ነው። ጥፋቱ ባይፈጠር ኖሮ ጉዳቱ አይደርስም ነበር ብላችሁ ማስረዳት አለባችሁ፤ ከሃምሳ በመቶ በላይ በሆነ ግምት። ሐኪሞች በሽታውን በሁለት ይከፍሉታል። አንደኛው ያልተሟላ ነው፦ ሽንት ይቸግራል፣ መግፋት ያስፈልጋል፣ ስሜቱ ተለውጧል፣ ግን ጨርሶ አልጠፋም። ሁለተኛው ሽንት ጨርሶ የቆመበት፣ ፊኛው ሞልቶ ሳይታወቅ የሚፈስበት ነው። በመጀመሪያው ደረጃ ላይ እያለ የተሠራ ሰው የመዳን ዕድሉ በጣም የተሻለ ነው። ስለዚህ የጠበቆቹ ጥያቄ አንድ ነው፦ ከአንዱ ወደ ሌላው የተሻገራችሁት ስንት ሰዓት ላይ ነው? ሆስፒታል ከመግባታችሁ በፊት ከሆነ «ቶሎ ብንሠራትም አትድንም ነበር» ይላሉ። መጠበቂያ ክፍል ተቀምጣችሁ ሳለ ከሆነ ታሪኩ ተለወጠ። የዋትስአፑ ድምፅ፣ የደብተሩ ሰዓት፣ ነርሷ የሽንት ቤት ጉብኝታችሁን የመዘገበችበት ወረቀት፣ ሁሉም ዋጋ የሚኖራቸው እዚህ ነው።

«አርባ በመቶ ዕድሌን አሳጡኝ» ማለትም አይበቃም። በ2005 በግሬግ ጉዳይ ይኸው ተወስኗል። ፍትሐዊ አይመስለኝም፤ ግን ሕጉ ይኸው ነው።

አራተኛ፦ ይርጋውን ቁጠሩ

ሦስት ዓመት። ጉዳቱ ከደረሰበት ቀን፣ ወይም ከባድ ጉዳት እንደደረሰባችሁና ከሕክምናው ጋር እንደሚያያዝ ካወቃችሁበት ቀን ጀምሮ። ሕጉን አለማወቅ ሰበብ አይሆንም። ልጅ ከሆነ ቆጠራው 18 ሲሞላው ይጀምራል፤ እስከ 21ኛ ልደቱ ጊዜ አለው። የማሰብ አቅም የሌለው ሰው ላይ አይቆጠርም። ሰውዬው ሦስቱ ዓመት ሳያልቅ ሞቶ ከሆነ ከሞተበት ወይም ቤተሰብ ምክንያቱን ካወቀበት ቀን እንደገና ሦስት ዓመት ነው። ፍርድ ቤት ጊዜውን የማለፍ ሥልጣን አለው፤ በዚያ ግን አትተማመኑ።

ሦስት ዓመት ረጅም ይመስላል። አይደለም። ብዙ ጠበቆች ስድስት ወር ብቻ የቀረውን ጉዳይ አይቀበሉም፤ የባለሙያ ሪፖርት ለማሰባሰብ እንኳ አይበቃም።

ለኤንኤችኤስ ቅሬታ ማቅረብም ትችላላችሁ። ጊዜው 12 ወር ነው። ነጻ ነው፣ የሚያግዛችሁ ነጻ ደጋፊም አለ። መልሱ ካላረካችሁ ወደ ኦምቡድስማን፣ ገለልተኛ ቅሬታ መርማሪ ዘንድ፣ ይሄዳል። አንዳንዴ ጥሩ ነገር ይወጣበታል፤ የጎረቤቴ ሆስፒታል በቅሬታ መልሱ ላይ አስተርጓሚ መጠራት እንደነበረበት አምኖ ጻፈ። ግን አንድ ነገር ልብ በሉ፦ ቅሬታው ይርጋውን አያቆመውም። ዓመት ከመንፈቅ መልስ ሲጠብቅ ጊዜው ያለፈበት ሰው አውቃለሁ።

አምስተኛ፦ ጠበቃ ምረጡ፣ ገንዘቡንም ተረዱ

ለኢሚግሬሽን ጉዳያችሁ የረዳችሁ ጠበቃ ጎበዝ ሊሆን ይችላል። ለዚህ ግን ሌላ ሰው ነው የሚያስፈልገው። የሕግ ማኅበሩ በሕክምና ቸልተኝነት ለይቶ የመሰከረላቸውን ሶሊሲተሮች ፈልጉ። ኤቪኤምኤ የሚባል፣ ከ1982 ጀምሮ የሚሠራ በጎ አድራጎት ድርጅትም አለ፤ በስልክ ነጻ ምክር ይሰጣል። ስትገናኙ አንድ ጥያቄ ጠይቁ፦ ስንት የኮዳ ኢኳይና ጉዳይ ይዘዋል? «ብዙ የአደጋ ጉዳይ ይዣለሁ» ካሉ አመስግናችሁ ውጡ። ሳትጠሩት ደውሎ «ካሣ ይገባዎታል» የሚል ሰው ካጋጠማችሁ ስልኩን ዝጉት፤ ሳትፈቅዱ እንዲህ መደወል ክልክል ነው።

የመኖሪያ ፈቃድ ጉዳይ ብዙ ሰው ያስፈራዋል። ጥገኝነት ጠያቂም ቢሆን ካሣ መጠየቅ ይችላል። ችግር የሚሆነው ያልተመዘገበ ሥራ ገቢ ነው፤ ታክስ ያልተከፈለበትን ደመወዝ አጣሁ ብሎ ማስረዳት ከባድ ነው።

የመንግሥት የጠበቃ ድጋፍ ከ2013 ሚያዝያ ጀምሮ ለዚህ ዓይነት ጉዳይ ቀርቷል፤ የቀረው በማህፀን፣ በወሊድ ወይም ከወሊድ በኋላ ባሉት ስምንት ሳምንታት የነርቭ ጉዳት ለደረሰበት ሕፃን ብቻ ነው። ሌላው ሰው የሚሄደው «ኖ ዊን ኖ ፊ» በሚባለው ውል ነው። ካልረታችሁ ለጠበቃችሁ አትከፍሉም። ከረታችሁ ከካሣው ላይ የስኬት ክፍያ ይወስዳል። ጣሪያው ለህመሙና እስካሁን ለደረሰው ኪሣራ ከሚከፈለው 25 በመቶ ነው፤ ለወደፊት እንክብካቤ ከሚሰጣችሁ ላይ አይነካም። የኢንሹራንስ ክፍያም ይጨመራል። ከመፈረማችሁ በፊት «መቶ ሺህ ፓውንድ ቢፈረድልኝ እጄ ላይ ስንት ይደርሳል?» ብላችሁ ቁጥሩን በወረቀት አስጽፉ።

ብትሸነፉ የሆስፒታሉን የጠበቃ ወጪ በአብዛኛው አትከፍሉም። ከዋሻችሁ ግን ይህ ከለላ ይነሣል፤ ጥያቄው በሙሉ ሊወድቅም ይችላል። መራመድ አልችልም ብሎ የዘመድ ሠርግ ላይ እስክስታ ሲመታ ቲክቶክ ላይ የታየ ሰው ምን ይመልሳል? ተከራካሪው ወገን ይፈልጋል፣ ያያል። አንድ ቀን ተሽሏችሁ ከጨፈራችሁም ተናገሩ፤ ማግስቱን እንዴት እንዳደራችሁም ጨምሩበት።

ስድስተኛ፦ ቃላችሁን በቋንቋችሁ ስጡ

ይህን ብዙ ሰው አያውቀውም፤ አንዳንድ ጠበቃም ይረሳዋል። ከ2020 ጀምሮ በፍርድ ቤቱ የአሠራር ደንብ መሠረት የምስክርነት ቃል በምስክሩ በራሱ ቋንቋ መጻፍ አለበት። እንግሊዝኛችሁ በገበያና በአውቶቡስ የሚበቃ፣ በሐኪም ፊት ግን የሚያልቅ ከሆነ ቃላችሁ መጀመሪያ በአማርኛ ይጻፋል፣ እናንተ አንብባችሁ ትፈርማላችሁ፣ ከዚያ ተተርጉሞ ከተርጓሚው ማረጋገጫ ጋር ይቀርባል። በ2022 አንድ የፖርቱጋል ቋንቋ ተናጋሪ በእንግሊዝኛ የተጻፈ ቃል አቅርቦ ፍርድ ቤት አልቀበልም ብሎበታል፤ ጉዳዩም በዚያው ወደቀ።

ስለዚህ ጠበቃው «እኔ በእንግሊዝኛ አዘጋጅቼዋለሁ፣ እዚህ ጋ ይፈርሙ» ካለ ቆም በሉ። በትህትና አማርኛውን ጠይቁ። ከልብ የወጣው ቃል አማርኛው ላይ ነው። «ደነዘዘኝ» እና «ቆረጠመኝ» እና «ነዘረኝ» ለእኛ ሦስት ነገር ናቸው፤ ለነርቭ ሐኪምም እንዲሁ። ሦስቱም በአንድ የእንግሊዝኛ ቃል ከተደፈኑ ማስረጃው ጠፋ።

ሰባተኛ፦ ያጣችሁትን ቁጠሩ

ለህመሙ የሚከፈለው ከጠቅላላው አብዛኛውን ጊዜ ትልቁ አይደለም። ዳኞች መመሪያ መጽሐፍ አላቸው፤ ለሽንት፣ ለሰገራ፣ ለወሲብ፣ ለህመም ክልል ያስቀምጣል። ትልቁ ገንዘብ ያለው ቀሪው ላይ ነው፦ የቀረ ደመወዝ፣ ጡረታ፣ የሚረዳ ሰው፣ የቤት ማስተካከያ፣ ዳይፐርና ልብስ እጥበት፣ ታክሲ። የሚኒካብ ሹፌር ከሆናችሁ የታክስ መግለጫችሁን ከሦስት ዓመት ወዲህ ያለውን አውጡ። ለአገር ቤት የምትልኩት ገንዘብ ለብቻው አይጠየቅም፤ ከደመወዛችሁ ውስጥ የተቆጠረ ነው።

እኛ ሐበሾች የምንረሳው አንድ ትልቅ ነገር አለ። እህታችሁ ሥራ ትታ መጥታ ስድስት ወር ካጠበቻችሁ፣ ምግብ ካበሰለች፣ ሌሊት ካቴተር ከለወጠች፣ ያ ድካም በዚህ አገር ሕግ በገንዘብ ይሰላል። በእናንተ በኩል ይጠየቃል፣ የሚሰጠውም ለእሷ ነው። «እህቴ ናት፣ ምን ክፍያ ይገባታል» አትበሉ። ምንም ክፍያ ያልጠየቀች ቢሆንም ይቆጠራል። ከዛሬ ጀምራችሁ ሰዓቱን ጻፉ፦ ሰኞ፣ ሻወር 40 ደቂቃ፣ ልብስ ሁለት ማሽን፣ ሌሊት ሁለቴ ተነሣች። አንድ ወር ከጻፋችሁ አማካዩን ባለሙያው ያሰላል።

ሕክምናውንም በግል ለማግኘት መጠየቅ ይቻላል። «ኤንኤችኤስ በነጻ ይሰጥሃል» የሚለው መከላከያ በ1948 ሕግ ተዘግቷል።

ስለ ትዳርም ጠይቁ። ባለሙያው ስለ ግንኙነት ሲጠይቅ «እሱ ምንም አይደለም» ብላችሁ አትለፉ። ባልና ሚስት አብረው ባይገቡ ይሻላል፤ ለየብቻ ስትናገሩ ይቀላል።

ስምንተኛ፦ ደብዳቤውና ድርድሩ

ጠበቃችሁ የነርቭ ወይም የአከርካሪ ቀዶ ጥገና ባለሙያ፣ የድንገተኛ ክፍል ባለሙያና የሽንት ሐኪም ሪፖርት ካሰባሰበ በኋላ የክስ ማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ይጽፋል። ሌላው ወገን በ14 ቀን ደርሶኛል ማለት፣ በአራት ወር ውስጥ ደግሞ ሙሉ መልስ መስጠት አለበት። በኤንኤችኤስ በኩል የሚመልሰው ኤንኤችኤስ ሪዞሉሽን የሚባለው ነው፤ ከ2019 ሚያዝያ ወዲህ ለተፈጠረ የጂፒ ጥፋትም የሚመልሰው እሱ ነው። ዶክተሩ ከኪሱ አይከፍልም። ይህን የምለው «ሰውዬውን ከሥራ ላስባርረው ነው» እያሉ ሲሰቀቁ ሌሊት እንቅልፍ ያጡ ሰዎች ስላየሁ ነው።

ጥፋቱን ካመኑ ቅድሚያ ክፍያ ጠይቁ፤ ጉዳዩ እስኪያልቅ ለቤት ማስተካከያና ለረዳት ይሆናል። ካላመኑ ክስ ይመሠረታል። የመክፈቻ ክፍያው ከ10 ሺህ ፓውንድ በላይ ለሆነ ጥያቄ 5 በመቶ ነው፤ ጣሪያው 10 ሺህ ፓውንድ። ገቢያቸው ዝቅተኛ የሆነ ይቀነስላቸዋል። አብዛኛው ጉዳይ ችሎት ሳይደርስ በስምምነት ያልቃል።

በመሃል ከሆስፒታሉ ወገን በልዩ ደንብ የሚቀርብ የድርድር ዋጋ ይመጣል። 21 ቀን ይሰጣችኋል። እምቢ ብላችሁ በኋላ ፍርድ ቤት ከዚያ ያነሰ ወይም እኩል ከፈረደ ከዚያን ቀን ወዲህ ያለው የሆስፒታሉ ወጪ ከካሣችሁ ላይ ሊቀነስ ይችላል። ስለዚህ ደብዳቤው ሲመጣ የቤተ ክርስቲያን ሰው፣ የአጎት ልጅ፣ የዕድር ሊቀመንበር ከማማከራችሁ በፊት ጠበቃውን «የዚህ ቁጥር ዕድሉ ስንት ነው?» በሉት።

ገንዘቡ በአንድ ጊዜ ሊሆን ይችላል፣ ወይም ከፊሉ በየዓመቱ። በአንድ ጊዜ ከሆነ የወደፊቱ ኪሣራ የሚሰላው ገንዘቡ ተቀምጦ ያተርፋል ተብሎ በመንግሥት በተወሰነ ተመን ነው፤ ከ2025 ጥር 11 ጀምሮ 0.5 በመቶ ነው። በየዓመቱ የሚከፈለው ዕድሜ ልክ ይቆያል፣ ገንዘቡ ያልቃል የሚለው ስጋት የለም። ለወጣት ተጎጂ እኔ ያን እመርጣለሁ። ጎረቤቴ በአንድ ጊዜ ያለውን መረጠች፤ ልጁን ዩኒቨርሲቲ አስገባበታለሁ ብላ።

የመጨረሻው ነገር ከመፈረማችሁ በፊት ነው። በገቢ ልክ የሚሰጥ የመንግሥት ድጎማ የምትቀበሉ ከሆነ ካሣው ባንክ ሲገባ ድጎማው ሊቋረጥ ይችላል። ለግል ጉዳት ካሣ የሚሆን ትረስት፣ ማለትም ገንዘቡን ባለአደራዎች የሚይዙበት ውል፣ በመጀመሪያዎቹ 52 ሳምንታት ውስጥ ካቋቋማችሁ ገንዘቡ አይቆጠርባችሁም። ጠበቃው ራሱ ካላነሣው እናንተ አንሡት። ትረስቱ ሁለት ባለአደራ ያስፈልገዋል፤ አንዱ እናንተ ልትሆኑ ትችላላችሁ። ለሁለተኛው የምትመርጡትን ሰው ግን በደንብ አስቡበት፤ ከእሱ ፊርማ ውጭ ብሩ አይንቀሳቀስም።